ከነጭና ከነጭ ጥቁር ሲወለድ

ሌባ ተብያለሁ። ያለኝም ልጄን ክርስትና ያነሣልኝ አበልጄ ደሴ ነው፤ ያለኝ ደግሞ ደባርቅ ገበያ መሀል፣ ሰው ጢም ብሎ ቆሞ እየሰማ ነው። አልሰረቅሁም።

በዚች አገር የዋሸ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ጠላውን ይጠጣል፤ ቆሞ የሚጠየቀው እውነት የተናገረው ነው። አይደለም የምትል ከሆነ እስካሁን እውነት ተናግረህ አታውቅም ማለት ነው። አልቀየምህም፣ ማንበብህን ቀጥል።

ደሴ ዳባት የሚኖር እህል ነጋዴ ነው። የእኔ ቤት ደባርቅ ዳር፣ መንገዱ ወደ ሊማሊሞ ሊወርድ አፋፉን ከመያዙ በፊት ነው። የምኖረው በርቢ ነው። ርቢ ማለት ሰው እናት በጉን በአደራ ይሰጥሃል፣ አንተ ታበላለህ፣ ትጠብቃለህ፣ የተወለደውን እኩል ትካፈላላችሁ። መሬት የለኝም፣ ሱቅ የለኝም። ያለኝ «ማለደ አደራ አይበላም» የሚል የሰው ወሬ ብቻ ነበር። ደሴ የወሰደብኝ እሱን ነው።

ያመጣልኝ አንዲት ነጭ እናት በግና አንድ ነጭ አውራ በግ ነው። አውራውን ከሚኒባስ ጣሪያ ላይ ሲያወርደው ብታይ ልዑል የመጣ ይመስልሃል።

«አጥንቱን እወቅ!» አለኝ ጀርባውን እየዳበሰ። «ይህ በግ እስከ ሰባት ቤቱ ነጭ ነው!»

የገዛ ቅድመ አያቱን ስም ሲጠይቁት ጉሮሮውን የሚጠርግ ሰው፣ የበግ ሰባት ቤት ቆጥሮ ጨረሰልኝ። እኔም አመንሁ። ምን አገባኝ? ነጭ ሲሉኝ ነጭ ነው።

በጊቱ ወለደች። ግልገሉ… ጥቁር! እንዴት ያለ ጥቁር መሰለህ፣ ከሰል ቢያየው ያፍራል። ክረምቱን በዚያ ጭጋግ ውስጥ አሳደግሁት። ጡት ጥሎ፣ ጭቃው ደርቆ፣ መንገዱ ሲቀና ደሴ ሊካፈል መጣ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ግልገልህ ነዋ!»

«እናቱ ነጭ፣ አባቱ ነጭ። ነጩን የት አደረስኸው?»

«የወለደችው ይህንን ነው።»

«ሽጠኸዋል! ነጩን ለሆቴል ሽጠህ፣ ይሄን ከጊች ተራራ ከሚወርድ ሰው ለውጠህ አምጥተሃል!»

እናቱን ልጥራት? ጡት ካስጣለችው ወዲህ እሷም ዞር ብላ አታየው። ሌላ ምስክር የለኝም። ደሴ ከግቢዬ ወጥቶ በቀጥታ ገበያ ገባና የነገርሁህን ስም ሰጠኝ። በሳምንቱ በግ የሰጡኝ ሰዎች ገመድ ይዘው አንድ በአንድ መምጣት ጀመሩ።

«ክፉ አስበን አይደለም ማለደ፣ ለበዓል ፈልገነው ነው እንጂ…»

የምን በዓል? የገና ጾም ሊገባ ነው!

እኔ ፊደል የቆጠርሁት ጢሜ ከሸበተ ወዲያ ነው። ስድብ ካለህ አሁኑኑ ጨርስ። ከጎልማሶች ትምህርት ጀምሬ፣ ከልጄ ታናናሾች ጋር ወንበር እየተጋፋሁ፣ በማታው ክፍል ባዮሎጂ እስከመማር ደርሻለሁ። መምህራችን አጠር ያለች፣ ፈጠን ያለች ልጅ ናት፤ ሁላችንም ቲቸር ነው የምንላት። በዚያው ሰሞን እጄን አወጣሁ።

«ቲቸር፣ ነጭና ነጭ ጥቁር ይወልዳል?»

«ይወልዳል ጋሼ ማለደ! እኔ እኮ እሱን ላስተምር ነው የመጣሁት።»

ከወንበሬ ልወድቅ ነበር። የነገረችኝን እንደገባኝ ልንገርህ፤ ካልገባህ ጥፋቱ ያንተ ነው።

በእያንዳንዷ የሰውነት ሕዋስ ውስጥ አስኳል የሚባል ዕቃ ቤት አለ። እዚያ ውስጥ ዲኤንኤ የሚባል፣ እንደ ተጠመዘዘ መሰላል ያለ ጽሑፍ ተቀምጧል። ፊደሉ አራት ነው። አራት ብቻ! በግም፣ ሰውም፣ ጭላዳ ዝንጀሮም በአራት ፊደል የሚጻፍ ከሆነ፣ እኔ ሁለት መቶ ምናምን ፊደል ስቆጥር ዓይኔ የደከመው ለምንድን ነው? ከጽሑፉ ውስጥ አንድን ነገር እንዲህ አድርገህ ሥራ የሚለው ክፍል ጂን ይባላል። ዋናው ጽሑፍ እንደ ደብር ብራና ከዕቃ ቤቱ አይወጣም፤ አርኤንኤ የሚባል ቅጂ ይገለበጥና የሚወጣው እሱ ነው። ሲገለበጥም አንዷ ፊደል በሌላ ትለወጣለች። ይህን ስሰማ የቀበሌያችን ጸሐፊ ትዝ አለኝ።

ቅጂው ራይቦዞም ከሚባለው ሠራተኛ ዘንድ ይደርሳል። ራይቦዞም ሦስት ሦስት ፊደል እየያዘ ያነባል። እኔም መጀመሪያ እንደዚያው ነበር የማነብ፣ ግን ሳይንስ ነው ያለኝ የለም፣ ሲስቁብኝ ነው የከረሙት። ባነበበው ሦስት ፊደል ልክ አንድ አሚኖ አሲድ ይመጣለታል፤ እሱን ከፊተኛው ጋር እንደ ጨሌ ይሰካዋል። ተሰክቶ ተሰክቶ ሲያልቅ ይጠቀለልና ፕሮቲን ይሆናል። ሥጋውን የሚሠራው ፕሮቲን ነው፤ የጠጉሩን ቀለም የሚያሠራውም እሱው ነው።

አሁን ወደ በጌ እንምጣ። ግልገል እያንዳንዱን ትእዛዝ ሁለት ሁለት አድርጎ ነው የሚይዝ፤ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። የነጩ ትእዛዝ አንድም ቢሆን ካለ የጥቁሩ አፉን ይይዛል። አፉን ይይዛል እንጂ አይጠፋም! ነጭ ለብሶ፣ ነጭ መስሎ፣ ከትውልድ ትውልድ ይሻገራል። አንድ ቀን የእናቲቱ ድብቅና የአባትየው ድብቅ አንድ ግልገል ላይ ይገናኛሉ… ጥቁር!

«ስለዚህ ቲቸር፣ ጥቁሩ ከደሴ አውራ በግም መጥቷል?»

«ግማሹ ከእሱ ነው።»

ያን ዕለት ከደስታዬ ብዛት እራቴን ረሳሁት።

ነገራችንን ሁለት ሽማግሌዎች ያዙት። አንዱ አለቃ ውብነህ ናቸው፣ ቅኔ የተማሩ፣ ነገር የማያልፋቸው። ሁለተኛው ሐጂ ሰይድ ናቸው፣ ቆዳ ሲነግዱ የኖሩ፣ ከደባርቅ እስከ ዳባት የበግ ጠጉር ያልዳሰሱበት ቤት የሌለ። ሐጂ ሰይድ ሰላም ወዳድ ስለሆኑ ገና ሳንቀመጥ በር ከፈቱልኝ።

«አንተ ማለደ፣ የሰው ጥቁር አውራ ዘሎ ገብቶባት ይሆናል በል። ይደረጋል። ደሴም ይቀበላል፣ እኛም ወደ ጉዳያችን እንሄዳለን።»

ደሴ ራሱን ነቀነቀ። ሊቀበል ነው! አየህ፣ አንዲት ትንሽ ውሸት፣ አንድ ጊዜ «ይሆናል» ማለት፣ ከዚያ ቤቴ መግባት። አንተ ብትሆን ትል ነበር። እኔ ግን አዲስ ተማሪ ነኝ፤ ያወቅሁትን ይዤ እንዴት ዝም ልበል?

«ዋሽቼ አልወጣም!» አልሁ ተነሥቼ። «በሰፈሬ ያልተኮላሸ በግ የደሴ ብቻ ነው። ጥቁሩ ከእሱ አውራ በግ ነው የመጣ!»

«ከእኔ በግ?» ደሴ ጋቢው ወደቀበት። «ሰባት ቤቱ ነጭ የሆነው?»

«ሰባት ቤቱም ደብቆት ነው!»

እናቱን የሰደብሁበት ያህል ዘለለ። ሐጂ ሰይድ በመከራ አስቀመጡት። ከዚያ መሰላሉንም፣ ቅጂውንም፣ ጨሌውንም አንድ ሳላስቀር አስረዳሁ። አለቃ ውብነህ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

«ይህ ዲኤንኤ የምትለው የተጻፈ ነው አልህ?»

«አዎ አለቃ።»

«አንተ አንብበኸዋል?»

«በዓይን አይታይም።»

«እንግዲህ ምስክርህ የማይታይ ጽሑፍ ነው። ማንስ ጻፈው?»

«እሱ… በሚቀጥለው ዓመት ነው የምንማረው።»

ሐጂ ሰይድ ደግሞ እንደ ነጋዴ ጠየቁኝ። «እነዚህ ሁለቱ ደግመው ቢወልዱ ጥቁር ይሆናል?»

«ዕድሉ ከአራት አንድ ነው።»

«የቀሩት ሦስቱስ?»

«ነጭ።»

«እንግዲያ ሦስት እጅህ ሌባ ነዋ!»

ሊሰማ የመጣው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔን ያናደደኝ ሒሳቡን በፍጥነት መያዛቸው ነው። እኔ እሱን ለመያዝ ሁለት ማታ ፈጅቶብኛል።

በመጨረሻ ፈረዱ። በጊቱና አውራው ሐጂ ሰይድ ግቢ፣ ከሌላ በግ ተለይተው ይቆዩ፤ ጥቁር ከወለደች ደሴ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ነጭ ከወለደች እኔ አፌን ይዤ እቀመጣለሁ። ተስማማሁ። ምን ዓይነት ሰው ነው ከአራት አንድ ዕድል ላይ ስሙን የሚያስይዝ በለኝ። እልኸኛ ሰው ነዋ!

በሚያዝያ ወለደች። ነጭ! የጥምቀት ነጠላ!

«ጋሼ፣ እንዳይከፋዎት» አለችኝ ቲቸር። «ዕድሉ ለእያንዳንዱ ልደት እንደ አዲስ ነው የሚጀምረው። ያለፈውን አይቆጥርም።»

«ሰው ግን ይቆጥራል ቲቸር።»

ደሴ እናቲቱን፣ አውራውንና ነጩን ግልገል ይዞ ወደ ዳባት ሄደ። ጥቁሩን «የሰረቅኸውን ለራስህ» ብሎ ተወልኝ። የተቀሩት አደራ ሰጪዎችም የተረፉትን በጎች ወሰዱ። ግቢው ውስጥ እኔና ጥቁሩ ቀረን፤ ተያየን። ክረምቱን ሙሉ የሰው ድንጋይ ተሸክሜ፣ የሰው አጥር አጥሬ በላሁ።

ክረምቱ ወጥቶ ገብስ ሲታጨድ አንድ ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ። ደሴ ነው፣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ።

«አበልጄ» አለኝ። ይህን ቃል ከአፉ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ! «ያ… ተደብቆ ይሻገራል ያልኸው ነገር… እንዴት ነበር?»

«ምን ሆነህ ነው?»

«ወለደች።»

«ምን?»

መሬት መሬት አየ። «ጥቁር።»

ሳቄ አመለጠኝ። እሱ ግን አልሳቀም። በጊቱን ለሚስቱ ለጥሩወርቅ ሰጥቷት ነበር። ጥሩወርቅ እናቷን ልትጠይቅ በሄደችበት በጊቱ ወለደች፤ ስትመለስ ጥቁር ግልገል ጠበቃት። ነጩን የት አደረስኸው ትላለች። የትኛዋ ሴት ቤት ወስደህ ነው ትላለች። ልብሷን ጠቅልላለች።

«የሰው አውራ ዘሎ ገባ አትላትም?»

«አልኋት! ‹ግንቡን ስታስገነባ ድመት አይዘለውም ያልኸው አንተ አይደለህ?› አለችኝ። ሽማግሌ ጠርታብኛለች። እነዚያኑ! እባክህ መጥተህ ንገርልኝ።»

«አልነግርልህም» አልሁት። «አስተምርሃለሁ፣ ተናጋሪው አንተ ነህ።»

እስኪመሽ ጋትሁት። «አራት ፊደል… ቅጂ… ራይ… ራይ…» «ራይቦዞም!» ላቡ ወረደ። ድንጋይ እንዳሸከሙኝ አሸከምሁት፣ ደስ አለኝ፣ አልዋሽህም።

ዳባት ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሞ ተናገረ። መሰላሉን ደህና ወጣው፣ ጨሌውንም ሰካ። «ድብቁ ከእናቲቱ ብቻ አይደለም፣ ከአውራ በጌም ነው» የሚለው ዘንድ ሲደርስ ድምፁ ጠፋ።

«ጮክ በል» አሉት አለቃ ውብነህ።

«ከአውራ በጌም ነው!»

ጥሩወርቅ ባሏን ትኩር ብላ አየችው። «ይህን የምታውቅ ከሆነ ታዲያ አበልጅህን ሌባ ያልኸው በምን አፍህ ነው?»

እሷም ሻንጣዋን አልፈታችም። «የሰውየውን ስም ሳትመልስ ቤቴ አልገባም» አለች። ሐጂ ሰይድ ቀበል አድርገው «ገበያ የተናገርኸውን ገበያ መልስ» ብለው ጨረሱት።

እናም ደሴ ጥቁሩን ግልገል ትከሻው ላይ ተሸክሞ፣ ደባርቅ ገበያ መሀል፣ ሰው ጢም ብሎ በቆመበት ጮኸ። «ሰዎች ስሙኝ! ማለደ ሌባ አይደለም! ይህ ጥቁር የእኔው የነጩ አውራ በግ ልጅ ነው!»

ከበግ ተራው በኩል አንድ ገዢ ሰው ተጋፍቶ መጣና የግልገሉን ወገብ ጨበጥ ጨበጥ አደረገ። «የአባቱን ተወውና፣ የመጨረሻውን ስንት ትላለህ?»

ነገሩ በዚሁ የተቋጨው በኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ ኅዳር 13 ቀን ነው።