ጋሽ ደሳለኝ የነቀሉት ጌሾ

ግንቦት ሥራ የሌለውን ሰው ሥራ የሚያስመኝ ወር ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ሰማዩ ዳመን ዳመን ማለት ሲጀምር፣ ዓመቱን ሙሉ ጓሮውን ዞር ብሎ ያላየው ሁሉ ዶማ ተሸክሞ ብቅ ይላል። ፍግ ይበተናል፣ አፈር ይገለበጣል፣ የጎመን መደብ ይስተካከላል፣ የዘመመ አጥር ይቃናል። ደግ ነገር ነው። ግን እናንተዬ፣ ጓሮም እንደ ሰው ቤት ነው፤ ዘው አይባልበትም።

ጎረቤቴ ጋሽ ደሳለኝ ዘው ያሉት ጡረታ በወጡ ማግስት ነበር። ዕድሜያቸውን የፈጁት በጭነት መኪና መሪ ላይ ነው። ከደጀን ቁልቁል እስከ ዓባይ ድልድይ ያለውን ኩርባ ሁሉ ዓይናቸውን ጨፍነው ያውቁታል፤ የገዛ ጓሯቸውን ግን የሚያውቁት በመስኮት ነው። ጓሮው የባለቤታቸው የእትዬ አትጠገብ ነበር።

በዚያ ግንቦት እትዬ አትጠገብ የወለደች ልጃቸውን ሊያርሱ መርጡለ ማርያም ሄዱ። ጋሽ ደሳለኝም መሬት ሊያርሱ ቀሩ። “ፍጉን በትነው፣ አፈሩን ገልብጠው፤ ሌላውን ስመጣ” ብለዋቸው ነበር። ባል ግን ሚስቱን ላስደንቅ ብሎ የተነሳ ለታ “ሌላው” ነው የሚታየው።

ከአጥሩ ሥር አንድ ጌሾ ነበር። ጌሾ መቼም ለፋሲካ ጠላ ቅጠሉ ከተለቀመ፣ ቅርንጫፉም ከተቆረጠ በኋላ ጭራሮ ነው የሚመስለው። ጋሽ ደሳለኝ ድንች ሊተክሉበት ከነሥሩ ይነቅሉት ጀመር።

“ጋሼ፣ እትዬን ቢጠብቁ አይሻልም?” አልኳቸው በአጥር አሻግሬ።

“ለደረቀ እንጨትም ፈቃድ ይጠየቃል እንዴ?” ብለው ሳቁ። ግንዱን ፈልጠው ለማገዶ፣ ሥሩን ወደ ፀሐይ።

እትዬ አትጠገብ ሲመለሱ ጋሽ ደሳለኝ ጓሮውን ያስጎበኟቸው ጀመር። አጥሩ ሥር ሲደርሱ ሴትዮዋ ቆሙ። አልጮኹም። ከተጋቡ ጀምሮ “አንተ” ሲሏቸው የኖሩትን ባላቸውን፣ “ጌሾውን ነቀሉት?” አሏቸው።

“ደርቆ ነበር እኮ፣ አትጠገብ።”

“ታደሰ የተከለው ነው። ወታደር ቤት የሄደ ዕለት ጠዋት። ስመለስ በዚህ ትጠምቂልኛለሽ ብሎኝ።”

ታደሰ የበኩር ልጃቸው ነው። ሄዶ አልተመለሰም።

“ምነው ሳትነግሪኝ?” አሉ ጋሽ ደሳለኝ።

“መቼ ልንገርዎ? እርስዎ መንገድ ላይ ነበሩ።”

አክብሮት እንዲህ እንደሚያቆስል ያን ቀን አየሁ።

ጋሽ ደሳለኝ ሥሩን ከወደቀበት አንስተው መልሰው ቀበሩት። ጠዋት ማታ ውሃ አጠጡት። ክረምቱ ገባ፣ ድንቹ አበበ፣ ጎመኑ ተንሰራፋ፤ ጌሾው ዝም አለ። እሳቸውም አብረው ዝም አሉ። አንድ ቀን ብቻ፣ “ያን ሁሉ ገደል በሰላም አልፌ፣ ልጄን ደጄ ላይ ገጨሁት” አሉኝ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ልላቸው አሰብኩና ተውኩት። አንዳንድ ተረት እውነት ቢሆንም አያጽናናም።

በዓመቱ ግንቦት ሲመጣ ወደ ጓሮው ዝር አላሉም። ዶማውን ያመጡላቸው እትዬ አትጠገብ ናቸው።

“በል ተነስ፤ እኔ ጉልበት የለኝም።”

ተነሱ። ግን ከመቆፈሩ መጠየቁ ይበዛ ነበር። “ይሄስ?” ይላሉ። “ጤና አዳሙ ስንጋባ እናቴ የሰጠችኝ ነው” ይባላሉ። “ይሄስ ኮክ?” “ታደሰ ከሱ ላይ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ፤ አንተ ያኔ አሰብ ነበርክ።” ሰውዬው ዶማቸውን ተደግፈው ይሰማሉ። ልጃቸውን ካጡት በኋላ ገና መተዋወቅ ጀመሩ።

በመጨረሻ ከመደቡ ጠርዝ አንዲት ለጋ ቅጠል አገኙና ጎንበስ አሉ።

“ይቺስ የማን ናት?”

“እሷማ አረም ናት። ንቀላት።”

“እርግጠኛ ነሽ? ማንም አልተከላትም?”

“ማንም።”

ጋሽ ደሳለኝ ጥቂት አዩዋትና ቀና አሉ።

“ለማንኛውም ትቆይ።”