የሚዘፍነው ጊታሩ ነው

ብቻውን ባንድ የሆነ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ደብረ ታቦር ውስጥ አንድ ጎረቤት አለኝ፤ ደሳለኝ ይባላል። ሁላችንም የምናውቃቸውን የፊልም ዘፈኖች ለአንድ ጊታር ያቀናብራል። አውራ ጣቱ ቤዙን ይመታል፣ ሌሎቹ ጣቶቹ ዜማውን ይይዛሉ፣ መዳፉ እንጨቱን እየደበደበ ከበሮ ይሆናል። «ዘፋኝስ?» ብዬ ብጠይቀው ተቆጣኝ።

«የሚዘፍነው ጊታሩ ነው!»

እኔን የሚገርመኝ የማያስፈልገው ሰው ብዛት ነው። ቀጥሎ አድማጩንም ያሰናብት ይሆን ብዬ ሰጋሁ።

ባለፈው ጥር በእህቱ ሰርግ፣ ክረምቱን ሙሉ የለፋበትን የህንድ ፊልም ዘፈን ሊያሰማ ዳሱ መሐል ተቀመጠ። ገና ክሩን ሲነካ የሙሽራው አጎት አያ ፈንቴ ብድግ አሉና እንደ አዝማሪ ቆጥረውት «ተቀበል!» ብለው ለሙሽሪት ግጥም ወረወሩ። እንግዲህ አዝማሪ ግጥም ተሰጥቶት ዝም ይላል? ደሳለኝ ግን ኮራ ብሎ፣ «ይቅርታ አባቴ፣ እኔ አልዘፍንም፤ የሚዘፍነው ጊታሩ ነው» አላቸው።

ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ፣ እሳቸው ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ጎንበስ ብለው አፋቸውን ወደ ጊታሩ ቀዳዳ አስጠጉና ግጥሙን ደገሙለት። ደሳለኝ ደንግጦ ዘፈኑን እንደምንም ተጫውቶ ጨረሰ። አያ ፈንቴ ብር አወጡ። አዝማሪ የሚሸለመው ግንባሩ ላይ አይደል? የደሳለኝን ግንባር አልፈው ጊታሩ አናት ላይ፣ ክሮቹ መሐል ሰኩት። ከዚያ ወደ ደሳለኝ ዞር ብለው በአባት ወግ ጠየቁት፦

«አንተስ ልጄ፣ ምን ትሠራለህ?»