ጋሽ ማኅተም ሰርተፍኬቶቻቸውን ለዓለም የገለጡበት ዜና

ሊፍቱ ቆሞ በቀረ በሦስተኛው ዓመት፣ አዲሷ ሥራ አስኪያጅ በመንበራቸው በተቀመጡ በመጀመሪያው መንፈቅ፣ ፎቶኮፒ ማሽኑም ታሞ ተነሥቶ ተመልሶ በተኛበት ወር፣ የሴሚናሮች ፀሐይ፣ የአዳራሽ የኋላ ወንበር ባለቤት፣ ሳይማሩ የተመረቁ፣ ሳይፈተኑ ያለፉ፣ ኃያሉና ገናናው የንብረት ክፍል ምክትል ኃላፊ ጋሽ ማኅተም ክብራቸውን ለዓለም ሁሉ ይገልጡ ዘንድ ተነሡ። ይህን ዜና የምጽፈው እኔ የመሥሪያ ቤቱ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ፤ ጠረጴዛዬ ከጠረጴዛቸው ትይዩ ነውና ያየሁትን አልሸሽግም፤ ባዶ ስብሰባን ቁም ነገር አስመስሎ መጻፍም የዘወትር ሥራዬ ስለሆነ ይህ አያቅተኝም።

አስቀድመን ስለ ስማቸው እንናገር። ማኅተም እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም፤ ያወጣላቸው የቢሮው ሰው ነው፤ ምክንያቱም ማንኛውም ወረቀት እጃቸው በገባ ጊዜ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘነብሉትና መጀመሪያ ማኅተሙን፣ ቀጥሎ የገዛ ስማቸውን አይተው፣ የቀረውን ለመጪው ትውልድ ትተው ወደ ፕላስቲክ አቃፊያቸው ያስገቡታል። የትውልዳቸውም ሐረግ እንዲህ ነው፦ ስብሰባ ሴሚናርን ወለደ፤ ሴሚናርም ዎርክሾፕን ወለደ፤ ዎርክሾፕም ሥልጠናን ወለደ፤ ሥልጠናም ሰርተፍኬትን ወለደ፤ ሰርተፍኬትም እስከ ዛሬ ድረስ ምንም አልወለደም። ድል አድርገው ያስገበሯቸው አገሮችም ብዙ ናቸው፦ አርፍደው የገቡበት የጊዜ አጠቃቀም፣ ከአሠልጣኙ ጋር ተጣልተው በር ወርውረው የወጡበት ቁጣን የመቆጣጠር ዘዴ፣ የሻዩን ብስኩት ለብቻቸው የጨረሱበት የቡድን ሥራ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያንኮራፉበት የእሳት አደጋ መከላከል፣ ደግሞም ንብ ማነብ። ንብ ማነብ ለእኛ መሥሪያ ቤት ምን ይፈይዳል ብሎ ለጠየቃቸውም ሰው ማኅተሙን አሳዩት።

ወበውእቱ መዋዕል፣ በዚያም ዘመን፣ የንብረት ክፍሉ አሮጌ ኃላፊ፣ ጉልበታቸው ከድቷቸው፣ በጡረታ ተሰናብተው ነበር፤ ክፍላቸውም ባዶ ቀረች። እርሷም መስኮት ያላት፣ በር ያላት፣ ከውስጥ የምትቆለፍ ክፍል ናት። ጋሽ ማኅተም ግን ጠረጴዛቸው የሁላችን መግቢያ ከሆነው በር ጀርባ ስለሆነ፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር እጀታው ክርናቸውን ይመታል፤ ገቢውም ይቅርታ ሳይል ያልፋል፤ እርሳቸውም ስንት ዘመን ክርናቸውን እያሹ ኖረዋል። እውነቱን ልናገርና፣ ይህን ባየሁ ቁጥር አንጀቴን ይበሉኝ ነበር፤ ግን አፋቸውን ከፍተው ስለ ሰርተፍኬት ማውራት እስኪጀምሩ ድረስ ብቻ ነው። ያችን ክፍል ከምንም በላይ ይመኟት ነበር፤ የቤታቸው እቴጌም ሹመቱ ያለቀለት ነገር መሆኑን ለእህቶቻቸው ሁሉ በስልክ አዳርሰዋል።

ወእምዝ፣ ከዚህም በኋላ፣ ሥራ አስኪያጇ አዋጅ አስነገሩ፤ አዋጁም በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተሰካ፤ እንዲህም ይላል፦ «የንብረት ክፍል ኃላፊ ቦታ ክፍት መሆኑ ይታወቃል። ዕጩዎቹ ምክትል ኃላፊውና የመጋዘን ሠራተኛው ናቸው። ሁለታችሁም ያላችሁን ማስረጃ በሙያተኞች መገናኛ ገጻችሁ ላይ ለጥፉ፤ ሰኞ ጠዋት እኔ ራሴ ገብቼ አያለሁ። ወረቀት ተሸክሞ ቢሮዬ የሚመጣ እንዳይኖር።» የመጋዘን ሠራተኛው ዝምታው የሚባል ነው፤ በገጹ ላይ በፎቶ ፈንታ ግራጫ ጥላ ብቻ የሚታይ፣ የይለፍ ቃሉን ከረሳ የቆየ፣ ለማስታወስም ያልሞከረ ሰው ነው። ጋሽ ማኅተም ተቀናቃኛቸው እርሱ መሆኑን ባነበቡ ጊዜ ጮክ ብለው ሳቁ፤ ያን ዕለትም በሩ ክርናቸውን ሲመታቸው አላሹትም።

እሑድም በሆነ ጊዜ ጋሽ ማኅተም ሠራዊታቸውን አስከተቱ። ከግድግዳ የወረዱ፣ ከፍራሽ ሥር የወጡ፣ ከቁም ሣጥን ጀርባ የተጎተቱ፣ በመስታወት የታሰሩ፣ በላስቲክ የተለበጡ፣ ዳራቸው በሻይ የተነካ ሰርተፍኬቶች ሁሉ በምግብ ጠረጴዛው ላይ በሰልፍ ተደረደሩ፤ እርሳቸውም ወንበር ላይ ወጥተው በስልካቸው እያንዳንዱን ፎቶ አነሡ፤ ባለ መስታወቶቹም አንጸባረቁና በብዙዎቹ ላይ ከአሠልጣኙ ፊርማ በላይ የራሳቸው ሰፊ ግንባር ታትሞ ቀረ። የማዕረጋቸውን ቅደም ተከተል ይወስኑ ዘንድ ግን ርዕስ አላዩም፤ ማኅተም ለኩ እንጂ። ጠርሙስ ክዳን የሚያህለው ማኅተም ወደ ታች ወረደ፤ ብርጭቆ አፍ የሚያህለው መካከል ገባ፤ የሻይ ማስቀመጫ ሳህን የሚያህል፣ ዙሪያው የተሸነሸነ፣ ቀይ ጥብጣብ የተንጠለጠለበት ወርቃማ ማኅተም ያለው አንድ ሰርተፍኬት ግን ከሁሉ በላይ በገጹ አናት ላይ ነገሠ።

የዚህን ሰርተፍኬት ታሪክ አንባቢ ይወቅ። አሮጌው ኃላፊ ሊሰናበቱ ወራት ሲቀራቸው ወደ አንድ ሥልጠና ተጠርተው ጉልበታቸው ደረጃ አልወጣ ስላላቸው ምክትላቸውን ላኩ፤ ጋሽ ማኅተምም ሥልጠና ተባለ እንጂ የምን ሥልጠና ብለው ጠይቀው ስለማያውቁ ሄዱ፤ ጠዋት ፈርመው የሥልጠናውን ቦርሳ ተቀብለው ወጡ፤ ማታም ሰርተፍኬት ሲታደል ተመለሱ። የፈረመ ይቀበላል ነውና በስማቸው ተጻፈላቸው። ርዕሱም «ራስን ለጡረታ የማዘጋጀት ሥልጠና» ይላል፤ ከሥሩም ባለ ስሙ ከሥራ ገበታቸው በክብር ለመሰናበት በአካልም በመንፈስም ዝግጁ መሆናቸውን ያረጋግጣል። ጋሽ ማኅተም ዕድሜያቸው ገና ነበር፤ ጠጉራቸው ግን ቀድሟቸው ሸብቷል።

ምሳ ሰዓት ደርሶ ሠራዊቱ ጠረጴዛውን ባልለቀቀ ጊዜ እቴጌይቱ ከወጥ ቤት ብቅ ብለው የቤቱን አዋጅ አወጁ፦ «ስማ አንተ! ምሳ የሚበላው እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው። ወይ ይህን ጓዝህን አንሳልኝ፣ ወይ ሰርተፍኬትህን ብላ። ደግሞ ሹመቱ ቀረ ብለህ እንዳትመጣ፤ እህቶቼ አፋቸውን ከፍተው ነው የሚጠብቁኝ።» ጋሽ ማኅተም ግን ቆመው በሉ፤ እጃቸውን ታጥበውም ለዓለም ሁሉ እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «በታላቅ ትሕትና እገልጻለሁ! በሙያ ጉዞዬ ያካበትኋቸውን ማስረጃዎች ዛሬ ለእናንተ አካፍያለሁ። መማር አይቆምም። ከሁሉ በላይ የምኮራበትን ከላይ አስቀምጫለሁ።»

በዚያች ሰዓት ከአራቱም ማዕዘን ላይክ ይሉ ዘንድ የተነሡት እነዚህ ናቸው፦ ያየውን ሁሉ የሚወድ የሚስታቸው ወንድም፤ የሥልጠና ድርጅቱ ገጽ ራሱ፤ የውኃ ታንከር የሚሸጥ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሰው፤ በአንድ ሌሊት እናበልጽግህ የምትል ፎቶዋ የተዋበ ሴት፤ ሰላም ከተባባሉ ዘመን ያለፈው የትምህርት ቤት ጓደኛቸው፤ የጎረቤት ጥርስ ሐኪም፤ በስህተት ነክቶት መልሶ ያጠፋ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ፤ ሁለት ሞተው ገጻቸው ያልተዘጋ ዘመዶቻቸውም እንደ ወዳጅ ተቆጠሩ። ጋሽ ማኅተምም ለእያንዳንዱ አስተያየት ጽሑፉን ሳያዩ በአውራ ጣታቸው «አመሰግናለሁ» እያሉ መለሱ። ያን ቀን በደስታ አመሹ።

ሰኞ ጠዋት ወደ መሥሪያ ቤቱ ሲገቡ የሆነው ድንቅ ነው። ጥበቃው ከወንበሩ ተነሥቶ «እንኳን ለዚህ አበቃዎት!» አለ፤ ሻይ የምታቀርበዋ ሴት በደረጃው ላይ ትሪዋን ይዛ ቆማ «ይገባዎታል ጋሼ፣ ከእንግዲህ ይረፉ!» ብላ መረቀች፤ ገንዘብ ያዡም በመስኮቱ ቀዳዳ እጁን አውጥቶ «ቀናሁብዎ!» ሲል ጨበጣቸው። እርሳቸውም ከወዲያና ከወዲህ ራሳቸውን ዝቅ እያደረጉ፣ ወዳጅ የሚመስል ሁሉ ወዳጅ መስሏቸው፣ ደረጃውን እንደ ንጉሥ ወጡ። ጠረጴዛቸው ጋ ደርሰው በባዶዋ ክፍል በኩል አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ሲያዩ እኔም አየኋቸው፤ መጋረጃዋን በልባቸው እየመረጡ ነበር።

ከመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ ማንበብ የሚወዱ ሥራ አስኪያጇ ብቻ ነበሩ፤ እርሳቸውም የላይኛውን ሰርተፍኬት አንብበው በቃኝ አሉ። ቀትር ሳይሆንም ሁለተኛው አዋጅ ተሰካ፦ «ምክትል ኃላፊው ከሥራ ገበታቸው በክብር ለመሰናበት መዘጋጀታቸውን፣ በዚህም እንደሚኮሩ በገጻቸው ላይ በይፋ አሳውቀዋል። ውሳኔያቸውን አከብራለሁ፤ በፈቃዳቸው የሚሰናበቱበት ሂደትም ይጀመር። የክፍሉ ኃላፊነት ለመጋዘን ሠራተኛው ተሰጥቷል። ሽኝቱ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በአዳራሹ ይደረጋል። ቅሬታ ያለው እስከ ረቡዕ በጽሑፍ ያቅርብ።» ጋሽ ማኅተም አዋጁን አነበቡት፤ ምናልባት በሕይወታቸው እስከ መጨረሻው ያነበቡት የመጀመሪያው ወረቀት ሳይሆን አይቀርም። ወደ ጠረጴዛቸው ተመልሰው ስልካቸውን አወጡ፤ ወርቃማውን ማኅተም በጣታቸው ገፋ አድርገው ከበላዩ ያለውን ጽሑፍ ባዩ ጊዜ በሩ ተከፈተና ክርናቸውን መታቸው።

በዚያች ምሽት እቴጌይቱ ከዳር እስከ ዳር የተሰማ አዋጅ አወጁ፦ «አንተ ሰውዬ፣ እኔ አሁን እህቶቼን ምን ልበላቸው? ሁለት መስመር ነው። ‹ሳላነበው ነው የለጠፍኩት፣ ይቅርታ› ብለህ ጻፍና ነገ ለአለቃህ ስጣት። አትሞትም። ካልጻፍክ ግን ቀኑን ሙሉ ሳሎኔ ውስጥ ተጎልተህ ሪሞት ስትነካካ እንዳላይህ!» ምክሩ የጤነኛ ሰው ምክር ነበር። ጋሽ ማኅተምም በማግስቱ ወረቀት ዘርግተው «ጉዳዩ፦» ብለው ጻፉ፤ «ሳላነበው» የሚለውን ቃል ሊጽፉ ሲሉ ግን ብዕራቸው ቆመ። አንዱን ካላነበቡ ስለ ሌሎቹ ይጠየቃሉ፤ እሳት ማጥፊያው ይመጣል፤ ንቦቹም ይመጣሉ። ሰርተፍኬቱን ከገጹ አውርዶ መቀመጥም ይቻል ነበር፤ ከእርሱ ቀጥሎ ያለው ማኅተም ግን የብርጭቆ አፍ ብቻ ነው የሚያህለው። ስለዚህ ወረቀቱን አጥፈው ከኪሳቸው ከተቱ፤ ረቡዕም አለፈ። እኔ እንዲህ ያለ ፈሪ ጀግና አይቼ አላውቅም፤ ስናገርም አላፍርበትም።

ሐሙስ በአዳራሹ ሁሉም ተሰበሰበ፤ ጋሽ ማኅተም በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። የመጋዘን ሠራተኛው ዝምታው የክፍሏን ቁልፍ በጣቱ ላይ አንጠልጥሎ ከኋላ ቆሞ ነበር። የሽኝቱን ሰርተፍኬት ያዘጋጀችው ጸሐፊ ሥራ በዝቶባት የአሮጌውን ኃላፊ የሽኝት ጽሑፍ እንዳለ ወስዳ ስሙን ብቻ ቀይራበታለች፤ ማኅተሙን ግን አልቆጠበችም፤ ከሻይ ማስቀመጫ ሳህኑም ይበልጥ ነበር። ሥራ አስኪያጇ ሰጥተዋቸው ከጨበጧቸው በኋላ፣ ለማለት የሚፈልጉት ነገር ካለ መድረኩ የእርሳቸው መሆኑን አወጁ። ሁለት መስመር ብቻ ይበቃ ነበር፤ ወረቀቱም ከኪሳቸው አለ። ጋሽ ማኅተም አፋቸውን ከፈቱ። ዓይናቸው ግን ወደ እጃቸው ወረደ፤ ሰርተፍኬቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበሉት፤ ማኅተሙን አዩ፤ ስማቸውን አዩ፤ «በታላቅ ትሕትና ተቀብያለሁ» ብለውም ተቀመጡ። አጨበጨብን።

ቤታቸው ገብተው ጫማቸውን ሳያወልቁ ሰርተፍኬቱን በገጹ አናት ላይ፣ ከጡረታው በላይ፣ አነገሡት። የሚስታቸው ወንድም ወደደው፤ የውኃ ታንከሩ ሰውዬም ወደደው። እቴጌይቱም በዚያ ገጽ ላይ ምንም ጽፈው የማያውቁት፣ ከወጥ ቤት ሆነው በስልካቸው ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበቡ። እንዲህ ይላል፦ «በንብረት ክፍል ኃላፊነት ዘመናቸው ላበረከቱት አገልግሎት።» ከሥሩም ለዓለም ሁሉ በሚታይ ቦታ አንዲት ቃል ጻፉ፦ «አንብበኸዋል?»

እነሆ እንግዲህ ታላቁ ሰው! እነሆ የማኅተሞች ጌታ፣ የጥብጣቦች አባት፣ ገጹ ሞልቶ ክርኑ ያበጠ፣ የተመኘው ማዕረግ በስሙ ተጽፎ፣ ታትሞ፣ በወርቅ ተለብጦ እጁ የገባ፣ ሳሎን ውስጥም ሪሞት ይዞ የሚገዛ! ዜናው ለልጅ ልጅ ይነገር፤ ስሙ በሰሌዳ ሁሉ ላይ ይሰካ፤ አዳራሾችም የኋላ ወንበራቸውን ለመታሰቢያው ይተዉለት። ለእቴጌይቱም ጥያቄ ጋሽ ማኅተም በዚያው ሰዓት በአውራ ጣታቸው መለሱ፦ «አመሰግናለሁ።»