አሰልጣኟ ለማንም አታዳላም

«ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ» ብሎ የተረተው ሰው የማያዳላ ዘመድ አልገጠመውም። የማያዳላ ዘመድ ከየቤቱ አይጠፋም። አስተማሪ ከሆነ ከክፍሉ ሁሉ ትንሹን ነጥብ የሚያገኘው የራሱ ልጅ ነው። ሐኪም ከሆነ የገዛ አክስቱን ሰልፉ መጨረሻ ላይ ያቆማታል፤ ተራዋ ሲደርስ ምሳ ይወጣል። ሰው ሁሉ «እንዴት ያለ ቅን ሰው ነው!» እያለ ያመሰግነዋል። ከአመስጋኞቹ መካከል ግን አንድም ዘመድ የለም።

በማሊያዋ ቁጥር የምትጠራው ስድስት ቁጥር እንዲህ ያለ ሰው ያላት በእናቷ በኩል ነው። በእናቷ በኩል ማለት ራሷ እናቷ ናት።

ክብርት እናቷ የኮሌጁ የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን አሰልጣኝ ናት። በወጣትነቷ ለአንድ የፋብሪካ ቡድን ተጫውታለች። ጉልበቷ ሲከዳት ፊሽካ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት እየዞረች፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየውን ቡድን እየለመነች እየተቀበለች እዚህ ደረሰች። ኮሌጁ ይህን ቡድን ሰጣት አይባልም፤ አራገፈባት ነው የሚባለው። ስትረከበው የአዳራሹ ግማሽ የተሰበረ ወንበር ተከምሮበታል። መረቡ መሐሉ ላይ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ረግቧል። ተጫዋቾቹም በዚያ በረገበው በኩል መምታት ለምደው፣ ሌላ ሜዳ ላይ የተወጠረ መረብ ሲገጥማቸው ኳሱን ሁሉ እሱ ላይ ሲለጥፉት ይውሉ ነበር። ከእሷ በፊት የነበሩት ሁለት አሰልጣኞች ሽንፈቱን በልጆቹ ሞራል ሲያሳብቡ ኖረዋል። እሷ ግን በመጀመሪያው ቀን መረቡን አውርዳ፣ ተሸክማ ቤቷ ገባች። ባሏንና ልጇን ሳሎን ወለል ላይ አስቀምጣ ክር በክር ስታስጠግናቸው ሰነበተች። ባሏ ጸጥ ያለ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው፤ እስከ ዛሬ መርፌ ሲያይ ጣቱን ይደብቃል።

ተጫዋች የምትመለምለው ከሰልፍ ነው። ፋርማሲ ይሁን ባንክ ወይም ታክሲ መጠበቂያ፣ ከሰው በላይ ብቅ ያለ ራስ ካየች የመጣችበትን ጉዳይ ትረሳለች። ዛሬ የቡድኑ ዋና መቺ የሆነችውን ልጅ ያገኘቻት፣ ልጅቷ ቁመቷን ለመደበቅ ጎብጣ መንገድ ስታቋርጥ ነው። ከኋላዋ «ቀና በይ!» ብላ ጮኸችባት። ልጅቷ ደንግጣ ሮጠች። አሰልጣኟ ሩጫዋን ስታይ ይበልጥ ወደደቻት።

ስድስት ቁጥርን ግን ማንም አልመለመላትም። ኮሌጅ ስትገባ እንደ ማንኛዋም ተማሪ ተሰልፋ ለሙከራ ቀረበች። ተራዋ ሲደርስ አሰልጣኟ ብዕሯን አንስታ ስሟን ጠየቀቻት። ነገረቻት። የአባቷን ስም ጠየቀቻት። እሱንም ነገረቻት። አሰልጣኟ አብራው የምትኖረውን ሰውዬ ስም፣ አንድ ፊደል እንዳትስት እየተጠነቀቀች ጻፈች። አንድ ሰርቭ ካስመታቻት በኋላ ደግሞ ማን እንዳስተማራት ጠየቀች።

«እናቴ።»

«እናትሽ ተሳስተዋል» አለች አሰልጣኟ፣ በአክብሮት።

ያን ዕለት ማታ ሕግ ወጣ። አዳራሽ ውስጥ እናት የለም፤ ቤት ውስጥ አሰልጣኝ የለም። ሕጉ ሲሰሙት ያምራል። ችግሩ የራት ሰዓት ላይ ነው። እናትየው ሾርባዋን እያማሰለች፣ ቡድኑ ውስጥ አንዲት ስድስት ቁጥር የምትባል ልጅ እንዳለችና ኳስ ስትጠብቅ እንቅልፍ እንደሚወስዳት ለባሏ ታወራለች። ልጅቷም ዳቦዋን እየቆረሰች፣ አንዲት አሰልጣኝ እንዳለችና ውሃ ቀጠነ ማለት እንደምታበዛ ለአባቷ ትነግራለች። አባት በሁለቱ መሐል ተቀምጦ፣ ሁለቱንም ሴቶች እንደማያውቅ ሰው፣ ጨው ያቀብሉት ዘንድ ብቻ ይለምናል።

አዳራሽ ውስጥ ግን ጨው አቀብሉኝ የሚል ገላጋይ የለም። አንድ ጠዋት እናትና ልጅ በአንድ ታክሲ አርፍደው ደረሱ። ያረፈዱት የአሰልጣኟ ፊሽካ ጠፍቶ ቤቱ ሲታመስ ነው። አሰልጣኟ ቀድማ ወረደችና በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻት፤ በማርፈዷም ተግሣጽ ሰጥታ አዳራሹን አስዞረቻት። ልጅቷ ዞረች። ፊሽካውን ያገኘችው ራሷ መሆኗን ስታስብ ደግሞ እግሯ ይተሳሰርባታል።

ይህ ሁሉ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ባትቀመጥ ኖሮ ሆድ ይፍጀው ተብሎ ይታለፍ ነበር። የስድስት ቁጥር ሥራ ኳሱን ከፍ አድርጎ ለመቺዎች ማመቻቸት ነው፤ በዚህ ደግሞ የሚስተካከላት እንደሌለ ቡድኑ በሙሉ ያውቃል። ያም ሆኖ በገባች በአራተኛ ዓመቷ፣ ልትመረቅ ጥቂት ሲቀራት፣ አንድም ቀን ጨዋታ ጀምራ አታውቅም። ከእሷ ይልቅ የምትሰለፈው አመቻች ደህና ልጅ ናት፤ ግን ኳሱን ስትልከው አድራሻ አትጽፍበትም። በመጨረሻ ረጅሟ መቺ የሁሉንም አደራ ይዛ አሰልጣኟ ፊት ቆመችና ልጅዎን ያስገቡልን አለች።

«የማን ልጅ?» አለች አሰልጣኟ። «እኔ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ልጅ የለኝም። አሥራ ሁለት ተጫዋች ነው ያለኝ።»

መቺዋ ተመልሳ ለስድስት ቁጥር ሐዘኗን ገለጸችላት፤ እናት እንደሞተባት ሰው።

ቡድኑ በአሰልጣኟ እጅ በሐፍረት ከመሸነፍ በላብ ወደ መሸነፍ፣ ከዚያም አልፎ አልፎ ወደ ማሸነፍ አድጎ ነበር። ለኮሌጁ ዲን ግን ላብ በሪፖርት አይጻፍም። የውድድሩ መጨረሻ ላይ ሁለት ቡድኖች ከታች ሲቀሩ አሰልጣኟን አስጠርቶ፣ ቡድኑ የመጨረሻ ከወጣ እንደሚፈርስና አዳራሹ ለተሰበሩት ወንበሮች እንደሚመለስ ነገራት። የቀረው አንድ ጨዋታ ነው፤ የሚገጥሙት ደግሞ ያንኑ ሌላኛውን የግርጌ ቡድን።

በዋዜማው ራት ላይ እናትየው ስለ ስድስት ቁጥር ምንም አላወራችም። ልጅቷ ጠበቀች። ከዚያ ሳህኗን እያየች፣ ለአባቷ እንደምትነግር አድርጋ ተናገረች።

«ስድስት ቁጥር ምን ትላለች መሰለህ፣ አባ? እናቷ ሌላ ሰው ብትሆን ኖሮ ትሰለፍ ነበር ትላለች። አሰልጣኟ ሰው ፈርታ ቡድኑን ልታፈርሰው ነው ትላለች።»

አባት ጨው አልጠየቀም። እናት ተነሥታ ሳህኖቹን ሰበሰበች፤ ገና ያልተበላበትንም ጭምር። ማታውን ሙሉ ሳህን ስታጥብ አመሸች።

በማግስቱ ልጆቹ ሰውነታቸውን ሲያሟሙቁ አሰልጣኟ ረዳቷን ወደ ጥግ ወሰደችው። ረዳቷ ቁልፍና ኳስ ከመያዝ በቀር ሐሳብ እንዲሰጥ ተጠይቆ የማያውቅ ወጣት ነው። ስድስት ቁጥር አጠገባቸው ጫማዋን እያሰረች ስለነበር ሰማች።

«ዳኛ ዘመዱ ሲከሰስ ከወንበሩ ይነሣል» አለችው እናቷ። «እኔ ለዚህች ልጅ ማዳላቴ ይሁን አለማዳላቴ መለየት አቅቶኛል። ዛሬ ቡድኑን አንተ ምራ። የዳኛው ቅጽ ላይም ያንተን ስም አስሞልቻለሁ።»

ፊሽካዋን ከአንገቷ አውልቃ እሱ አንገት ላይ አጠለቀችና ሄደች። ተመልካቹ ዘንድ ሳትደርስ ረዳቱ ስድስት ቁጥርን አሰለፈ። ወጣቱ ለካ ሐሳብ ነበረው።

አሰልጣኟ በሕይወቷ ተመልካች ሆና ስለማታውቅ የት እንደሚቀመጡ አላወቀችም፤ ሄዳ የተጋጣሚዎቹ ደጋፊዎች መሐል ተሰየመች። የመጀመሪያውን ዙር እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ እንደ ፈተና ተቆጣጣሪ አየች። በሁለተኛው ዙር ስድስት ቁጥር ወለል ሊነካ የነበረ ኳስ ተወርውራ አነሣችው፤ ረጅሟም መታችው። ያኔ አሰልጣኟ ውስጥ አንድ ነገር ተበጠሰ። እናቲቱ ከተቀመጠችበት ብድግ ብላ፣ አጠገቧ ያለውን የማታውቀውን ሰውዬ ትከሻ ይዛ ያቺን ልጅ አየሃት ወይ ብላ፣ የወለደቻት እሷ እንደሆነች አስረዳችው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለማውራትም ያሳፍራል። ዓመታት ሙሉ ያጠራቀመችውን አድልዎ በአንድ ከሰዓት በኋላ አወጣችው። ከመስመሩ አንድ ሙሉ እርምጃ አልፎ የወደቀ ኳስ «ገብቷል!» ብላ ማለች፤ ኳሱን የመታችው ልጅ እንኳን በሐፍረት መሬት መሬት ታይ ነበር። የተጋጣሚዎቹን አመቻች እግሯ ቀጭን ነው ብላ ተቸቻት። ዳኛውን ዐይኑን እንዲታይ መከረችው፤ ጥሩ ሐኪም እንደምታውቅም ጨመረችለት። ሜዳ ውስጥ ስድስት ቁጥር መሬት ተሰንጥቃ እንድትውጣት ተመኘች። መሬት አልተሰነጠቀችም፤ ኳሱ ግን እየመጣ ስለነበር አመቻቸችው።

ሁለት ለሁለት ሆነው የመጨረሻው ዙር አጋማሽ ላይ ዳኛው ጨዋታውን አቆመ። ሴትዮዋን ከዚህ በፊት አሰልጣኝ ሆና አይቷታል። አሰልጣኝ ከሆነች በቀይ ካርድ ነጥቡን ለተጋጣሚዎቹ ሊሰጥ ነው፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ አንድ ነጥብ ማለት ቡድኑ ማለት ነው። ረዳቱን ማን እንደሆነች ጠየቀው። ረዳቱ ቀና ብሎ ተመልካቹን አየ። አዳራሹ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

እናቲቱ ስሟ እንደተጠራ ተማሪ እግሯን አስተካክላ ቆመች።

«የስድስት ቁጥር እናት ነኝ» አለች።

ዳኛው ቅጹን አየ። አሰልጣኝ ተብሎ የተጻፈው የሌላ ሰው ስም ነው። ካርዱን ወደ ኪሱ መልሶ፣ የተጫዋቿ እናት አዳራሹን እንዲለቁ አዘዘ። እሷም በሜዳው ዳር ቀስ ብላ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ወጣች። ስድስት ቁጥር ኳሱን ይዛ ቆማ ነበር፤ ሰርቩ የእሷ ነው። ዐይኗ ውስጥ የሞላውን በክንዷ ጠርጋ መታች።

ያሸነፉት በክብር አልነበረም። የመጨረሻውን ነጥብ ተጋጣሚዎቹ ኳሱን መረብ ላይ ለጥፈው ሰጧቸው። ቡድን ግን በዚህም ይተርፋል። ልጆቹ ተከማችተው ሲጮኹ ስድስት ቁጥር ከመሐላቸው ሾልካ ወጣች።

እናቷ ደጅ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። ጩኸቱን ሰምታ ውጤቱን ዐውቃዋለች። ልጅቷ እማ ልትላት ነው ወይስ አሰልጣኝ፣ ለአፍታ ግራ ገባትና ከጎኗ ተቀመጠች።

«ዳኛው አድሏል» አለች እናቷ። ድምጿ ተዘግቷል።

«አሸንፈን እኮ ነው የወጣነው፣ እማ።»

«ቢሆንም።»

«አንቺስ አላደላሽም?»

እናቷ በላብ የራሰውን የልጇን ፀጉር ከግንባሯ ላይ ሰብስባ ወደ ኋላ መለሰችው።

«እኔማ ሥራዬ ነው» አለች።