ደረጃዬ ላይ የተጻፈው ቁጥር

እኔ ከእባብ ይልቅ ቀይ ቀለም እፈራለሁ። ሳቁ፣ ግን እውነቴን ነው። እባብ ቢመጣ ጎረቤት ጠርቼ አስገድለዋለሁ። ግድግዳዬ ላይ ቀይ ቀለም ቢያርፍስ ማንን ልጥራ? የመንገድ ማስፋት ወሬ በሚወራበት ሰፈር የኖረ ሰው የምለው ይገባዋል። በእኛ ሰፈር ቀይ የተቀባ ቤት ፈራሽ ነው ተብሎ ነው የሚታሰበው።

ቤታችን አዳማ ነው፣ ዋናው መንገድ ዳር። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬአለሁ። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ ታሳፍረኛለች። ባለቤቴ ወይንሸት ደግሞ ፊት ለፊት ባለችው ክፍል ልብስ ትሰፋለች። የከተማው መዘምራን ግማሹ እሷ የሰፋችውን ለብሶ ነው የሚዘምረው። ያቺን ክፍል ስናሠራ ብሎኬት ያቀበልኩት እኔ ነኝ፣ ግንቡን ጠዋት ማታ ውኃ ያጠጣችው እሷ ናት። ክፍሏን ብታጣ ምን እንደምትሆን ማሰብም አልፈልግም።

የዚያን ቀን ጠዋት ዓይኔን ልታይ ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር። ስመለስ ወይንሸት መቀሷን እንደያዘች በር ላይ ቆማለች፣ ፊቷ አመድ መስሏል። ምነው፣ ምን ሆንሽ? አልኳት። በመቀሱ ወደ ታች አሳየችኝ። የመጨረሻዋ የሲሚንቶ ደረጃችን ላይ ምስማር ተመትቷል። በምስማሩ ዙሪያ ቀይ ክብ። ከክቡ አጠገብ ደግሞ በቀይ 1622.40 ተብሎ ተጽፏል።

ቀያሾች መጥተው ነበር አለችኝ። ባለሦስት እግር መሣሪያ ተክለው፣ አንዱ ሜትር የተጻፈበት ረጅም ዘንግ ይዞ ወዲያ ወዲህ ሲል፣ ሌላዋ በመሣሪያው ስታይና ስትጽፍ አረፈዱ፣ ከዚያ ይህን ቀብተው ሄዱ። እና ምንድን ነው ብለሽ አልጠየቅሻቸውም? ብላት፣ በምን አንጀቴ! አለችኝ።

እዚህ ላይ የሰፈራችንን አመል ልንገራችሁ። እኛ ቀያሽ አንጠይቅም። ሻይ እንሰጠዋለን፣ ወንበር እናወጣለታለን፣ ይህ ፀሐይ ጨረሳችሁ እኮ እንለዋለን። ምን እየጻፍክ ነው ግን አንለውም፤ መልሱን እንፈራለንና! ጥያቄያችን የሚጀምረው እሱ መኪናው ውስጥ ገብቶ ከሄደ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ከእሱ በቀር የማንጠይቀው ሰው የለም።

እኔም መጀመሪያ ኦቦ ገመቹን ጠየቅኋቸው። የግድግዳ ጎረቤቴ ናቸው። የሕንፃ ዕቃ መደብር አላቸው፣ ሲሚንቶ ስለሚሸጡ መሐንዲስ የሆኑ ይመስላቸዋል። ጎንበስ ብለው ቁጥሩን አዩ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ፣ ደግመው አዩ። ከዚያ ተራ ቁጥር ነው አሉኝ። የምን ተራ? የመፍረሻ ነዋ! ታዲያ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ሃያ ሁለተኛ ከሆንኩ ገና ብዙ ጊዜ አለኝ አልኳቸው። ነጥብ አርባዋስ? ነጥብ አርባዋ የፊት ለፊቷ ክፍል ናት አሉኝ፣ ቅንጣት ሳያመነቱ። አሁን ይህ መልስ ነው? እኔ ግን አመንኳቸው።

ከሰዓት በኋላ የወይንሸት የጸሎት ጓደኞች መጡ። ደረጃዋን ከበው ጸለዩ፣ አንዷ እህት ይህ ጽሑፍ ይደምሰስ ብላ በኃይል ገሠጸች። ጽሑፉ ንቅንቅ አላለም። ቀያሾቹ ጥራት ያለው ቀለም ነው የቀቡት።

ከዚያ ወዲያ የሰፈሩ ሰው አፍ የመንገድ ሥራ አፍ ሆነ። ትናንት ስለ ሽንኩርት ስናወራ የነበርነው ሰዎች ሴንተር ላይን፣ ችካል፣ ቆረጣ፣ ሙሌት ማለት ጀመርን። ሴንተር ላይን የመንገዱ መሐል መስመር ነው፤ ከእሱ ግራና ቀኝ እየተለካ ነው ማን እንደሚነካ የሚታወቀው። ቆረጣ ከፍ ያለውን መሬት መቁረጥ፣ ሙሌት ጎድጓዳውን መሙላት ነው። ይህን ሁሉ የማውቀው አሁን ነው። ያን ሰሞን የሚቆረጠውም የሚሞላውም የወይንሸት ክፍል ይመስለኝ ነበር።

ችካል ካልኩ አይቀር፣ ቡልቡላ ያሉት የወይንሸት አጎት ያደረጉትን ላጫውታችሁ። አንድ ቀን የሽንኩርት ማሳቸው ዳር ቀይ ጨርቅ የታሰረባት ቀጥ ያለች ችካል ተተክላ አገኙ። ቀያሾች ናቸው የተከሏት። ማን የተባረከ ነው የተከለልኝ ብለው አህያቸውን አሰሩባት። አህያዋ ጎትታ ነቀለቻት። አጎት ደግሞ የሰው ዕቃ የማይወዱ ሐቀኛ ሰው ናቸው፣ እዚህ አካባቢ ነበረች ብለው በግምት መልሰው ተከሏት፤ እንዳትነቀልም ዙሪያዋን በድንጋይ አጠበቁላት። ቀያሾቹ ተመልሰው ሲለኩ ሒሳቡ አልገጥም ብሏቸው ቀኑን ሙሉ መሣሪያቸውን ሲጠራጠሩ ዋሉ። ይህን ታሪክ በየሠርጉ እያወራሁ ስንት ሰው አስቄበታለሁ መሰላችሁ! አቤት በዚያች አህያ ላይ የሳቅሁት ሳቅ!

ወደ ራሴ ልመለስ። በእኛ ዘንድ ቀይ የተቀባ ሰው ዶዘር እስኪመጣ እጁን አጣጥፎ አይጠብቅም። በሩን፣ መስኮቱን፣ ቆርቆሮውን ቀድሞ ይነቅላል። ዶዘሩ ከደረሰ በኋላ ከስብርባሪ በቀር የሚተርፍ ነገር የለም። እኔም ሦስት ቀን እህል በአፌ አልዞር ብሎኝ ሰነበትኩና በአራተኛው ቀን አናጢ ጠራሁ። የክፍሏን በርና ሁለቱን መስኮቶች አስነቀልኩ። ኩየራ ያለው ወንድሟ ዘንድ ይቀመጡ ተባባልንና አይሱዙ ላይ ተጫኑ። የስፌት መኪናዋም አብሮ ተጫነ። ወይንሸት የስፌት መኪናውን በራሷ ነጠላ ሸፍና፣ ቀስ ብለህ ንዳ እያለች ሾፌሩን ስትለምነው እኔ ፊቴን አዞርኩ። እንባዬን እንድታይብኝ አልፈለግሁም።

አይሱዙው ሲሄድ ንዴቴ መጣ። ቀና ስል አፉን የከፈተ ክፍል፣ ዝቅ ስል ያቺ ቀይ ክብ። መዶሻዬን አነሳሁ። ምስማሩ ተስፈንጥሮ ቦይ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ደረጃዋን ቀጠቀጥኳት። ኦቦ ገመቹ መደብራቸው በር ላይ ቆመው ጀባዱ፣ በርታ ይሉኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት መኪና መጥቶ ቆመ። ባለሦስት እግሩ ወረደ፣ ዘንጉ ወረደ፣ ቆብ ያደረገች መሐንዲስ ወረደች። ዓይኗ መጀመሪያ ደረጃው ወደነበረበት ሄደ። ከዚያ በር ወደሌለው ክፍል። ከዚያ ወደ እኔ።

«ጋሼ፣ ቤንች ማርኬ የት ገባ?» አለችኝ።

«ምንሽ?»

ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ቤንች ማርክ ከፍታው ተለክቶ የታወቀ ነጥብ ነው። ቆረጣውም፣ ሙሌቱም፣ የቦዩ ጥልቀትም ከእሱ ተነስቶ ነው የሚለካው። ስለዚህ ሥራው እስኪያልቅ የማይፈርስና የማይነቃነቅ ቦታ ተፈልጎለት ነው የሚደረገው። የእርስዎን ደረጃ የመረጥኩት ማንም የማይነካው ቤት ስለሆነ ነው አለችኝ።

«ማንም የማይነካው?»

«ማንም። መንገዱ እኮ ከቦዩ ወዲያ ነው የሚያልቀው።»

እፎይ! ደግሜ ልበለው፣ እፎይ! ወይንሸት! ብዬ ስጮህ ሰው የሞተ መስሎት ጎረቤት ሁሉ ወጣ። ወይንሸት ነገሩን ስትሰማ መሐንዲሷን አንገቷ ላይ ተጠምጥማ ታለቅሳለች፣ ሃሌሉያ ትላለች፣ ትስቃለች። እኔ ደግሞ በድንገት ራበኝ። እዚያው እንደቆምኩ ሁለት ዳቦ በላሁ።

አፌን ጠረግሁና፣ ቁጥሩስ ታዲያ የምን ቁጥር ነው? አልኳት። መሐንዲሷ ትንሽ ተቸገረች። መሬቱን አየች፣ ዘንጉን የያዘውን ባልደረባዋን አየች፣ ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታ ነው፣ ጋሼ። በሜትር። ሰብለ ነኝ እኮ፣ ዘጠነኛ ክፍል ያስተማሩኝ። የእርስዎ ቤት መሆኑን ስላወቅሁ ነው ለእትዬ ወይንሸት ሳላስረዳ የሄድኩት። እርስዎ ሲመጡ ያስረዷቸዋል ብዬ።»

ወይንሸት ማልቀሷን አቆመች። ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የአዳማን ከፍታ በጠመኔ ስጽፍ ኖሬ፣ ደጃፌ ድረስ ሲመጣልኝ በመዶሻ እንደተቀበልኩት ከፊቷ አነበብኩ። ያቺ የቡልቡላ አህያ ትዝ አለችኝ። እሷስ ማንበብ አትችልም።

አዲሱ ምልክት በኦቦ ገመቹ ደረጃ ላይ እንዲሆን ተወሰነ። አሁን ሳጥን ገልብጠውበት ይጠብቁታል፣ ለመጣ ለሄደው ሁሉ መጀመሪያም ከፍታ ነው ብያለሁ ይላሉ። ሰብለ ምስማሩን ለመምታት መዶሻ ጠየቀች፣ እኔም ላቀብላት እጄን ስሰድ ወይንሸት ቀደመችኝ።

በሩና መስኮቶቹ ቅዳሜ ከኩየራ መጡ፣ የስፌት መኪናውም ከነነጠላው። ወይንሸት ዛሬ በክፍሏ ተቀምጣ የመዘምራን ልብስ ትሰፋለች፣ ድምጹ እስከዚህ ይሰማኛል። አናጢው በሩን ሲገጥም መዶሻ አምጡልኝ አለኝ። ቤቱን ሁሉ በርብሬ ብፈልግ አጣሁት። በኋላ ነው የነገረችኝ፤ አይሱዙው በሩን ሊያመጣ ወደ ኩየራ ሲሄድ መዶሻዬን ጭናበት ነበር።