ከምርጥ ሥራዎቹ የጠፋው ጊታር

የድሮ ዘፈን «ድምፁ ጠርቶ በአዲስ መልክ ቀረበ» ሲባል እናንተም እንደኔ ትጠራጠራላችሁ? እኔ ሸሚዜ እንኳ ታጥቦ ሲመጣ መጀመሪያ የማየው ቁልፎቹ አለመርገፋቸውን ነው።

በወጣትነታችን ያስጨፈረን ባንድ ምርጥ ሥራዎች ተሰብስበው እንደገና ወጥተዋል። ልጄ ትዕግሥት ለልደቴ ስልኬ ላይ ጫነችልኝና ጆሮ ላይ የሚደፋ ማዳመጫ ጨመረችበት። አባዬ፣ ካሴቱን አሁን ተወው አለችኝ። ካሴቱ እውነት ለመናገር ከዘፈኑ ይልቅ ሽሽ የሚለው ይበልጣል። በዚያ ላይ የምሰማው አንድ ስፒከር ባላት አሮጌ ቴፕ ነው። ግን ጊታሩን በቃሌ አውቀዋለሁ።

ማዳመጫውን ደፍቼ የመጀመሪያውን ዘፈን ከፈትኩ። ድምፃዊው አጠገቤ የተቀመጠ ይመስላል፤ ትንፋሹ ሳይቀር ይሰማል። ሳክስፎኑም ቁልጭ ብሏል። ጊታሩስ? የለም። ወደ ሁለተኛው ዘፈን አለፍኩ። እዚያም የለም። በቃ፣ ድምፁን እናጥራ ሲሉ ጊታሩንም እንደ አቧራ ጠርገው ጥለውታል።

እንዲህ ያለ ነገር ዝም ይባላል? ለሚስቴ ለአልማዝ አማረርኩ። ከለገሃር ጀርባ ባለው ጋራዣችንም ለመጣው ደንበኛ ሁሉ አወራሁ። መካኒክ ነኝ፤ እንጀራዬ ጆሮዬ ነው። ሞተር አስነስተው ሲያመጡልኝ ኮፈኑ ሳይከፈት የቱ ጋ እንደሚያንኳኳ አዳምጬ እናገራለሁ። ስለዚህ ስለ ድምፅ ማን ይከራከረኛል?

ናስር ተከራከረኝ። ናስር አጠገባችን መለዋወጫ ይሸጣል፤ ካዛንቺስ ውስጥ አሁን በፈረሰው ሰፈራችን አብረን ያደግን ጓደኛዬ ነው። ወሬዬ ሲሰለቸው እስቲ አምጣው ብሎ ማዳመጫውን ደፋ። ዐይኑን ጨፍኖ ራሱን መወዝወዝ ጀመረ። ከዚያ በጣቱ የግራ ጆሮውን ነካ አደረገ።

«ጊታሩ እኮ እዚህ ጋ ነው» አለኝ።

ክው አልኩ። በአዲሱ ቅጂ ድምፆቹን ለያይተው አስቀምጠዋቸዋል አለኝ፤ ጊታሩን በግራ፣ ሳክስፎኑን በቀኝ፣ ድምፃዊውን መሀል። ተቀበልኩትና የቀኙን ወደ ግራ ገልብጬ ደፋሁት። ጊታሩ መጣ። እንደዚያ ጠርቶ ሰምቼው አላውቅም። ሳክስፎኑ ግን ሄደ።

ለናስር አዎ አለ፣ አለ አልኩና ሳቅሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ምን ልበላችሁ? መኪና ሲመጣልኝ ከሞተሩ በፊት የሰውየውን ፊት አያለሁ፤ ነቅቶብኝ ይሆን? ቀኝ ጆሮዬን ወደ ኮፈኑ ለማስጠጋት አንገቴን እንደ ዶሮ አጣምማለሁ። ኡራኤል ጋ መንገድ ስሻገር ከግራዬ የመጣ ሚኒባስ ለጥቂት ሳተኝ። ረዳቱ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ ክላክሱ አይሰማህም ወይ ብሎ ጮኸብኝ። ጥያቄው ልክ ነበር።

ይበልጥ ያስፈራኝ ግን የአባቴ ነገር ነው። አባቴ መስማት ሲያቅተው መጀመሪያ ሰው ይጮህለት ነበር። እየቆየ መጮኹም ቀረና «ተዉት፣ አይሰማም» ተባለ። ቤተሰቡ ሲስቅ እሱም ይስቃል፤ ቀልዱን ሰምቶ እንዳይመስላችሁ፣ አፋችንን አይቶ ነው። እና እኔም ቤቴ ውስጥ ሰው በሳቀ ቁጥር፣ ማለቴ፣ ቀልዱ ምን እንደነበር ሳላጣራ መሳቅ ተውኩ።

ለማንም ሳልናገር ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ጠባብ ክፍል አስገብተው፣ ድምፅ በሰሙ ቁጥር እጅዎን ያንሱ አሉኝ። ቀኝ ጆሮዬን ሲሞክሩ እጄ አላረፈም። ወደ ግራው ሲዞሩ ድምፁ ጠፋ። በመስታወቱ አሻግሬ ሳይ የምትመረምረኝ ልጅ የድምፁን ቁልፍ ትጫናለች፣ ደግማ ትጫናለች፣ ቀና ብላ ታየኛለች። ሐኪሙ በኋላ፣ አባት፣ ቀኙ ደህና ነው፣ የግራው ነርቭ ግን ከደከመ ቆይቷል፤ የመስሚያ መሣሪያ እንገጥምልዎታለን አለኝ።

አሁን ለአልማዝ መንገር ሊኖርብኝ ነው። ፈርቼ ፈርቼ፣ እራት ከበላን በኋላ ቴሌቪዥኑን አጠፋሁና የግራ ጆሮዬ አይሰማም አልኳት። ታለቅሳለች ብዬ ነበር። እሷ እቴ፣ የያዘችውን ሹራብ እንኳ አላስቀመጠችም።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «ካወቅሁ ዓመታት ሆነኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬሃለሁ እኮ። በግራህ በኩል።»

ከዚያ እየሳቀች አብራራችልኝ። ስትናደድብኝ በግራዬ ትቀመጥና የልቧን ሁሉ ትነግረኛለች። እኔ ዝም እላለሁ፣ እሷም ይቀልላታል፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ጎረቤት ሁሉ ተጣልተው አያውቁም የሚለን ለካ በዚህ ነው። ስንት ነገር አምልጦኝ ይሆን? ስለ እናቴ ምን ብላ ይሆን? ስለ ማንኮራፋቴስ? ስለ ወንድሜ? እስከዚያ ቀን ድረስ የምፈራው አለመስማትን ነበር።

መሣሪያው የሚገጠምልኝ በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ትዕግሥት ጊታሩንም ሳክስፎኑንም በየቦታቸው ልትሰማ ነው እያለች ደስ ብሏታል። አልማዝም አይዞህ ትለኛለች። ትናንት ብቻ ልብስ እያጠፈች፣ ያውም በቀኜ በኩል ተቀምጣ፣ ዘወር ሳትል ጠየቀችኝ።

«ስትተኛ ይወልቃል አይደል?»