ልዕልት ሐዲድ የሚደማውን ድድ ድል እንደ ነሡ

በዘመነ ሽቦ በሁለተኛው ዓመት፣ በሽቦው ላይ አረንጓዴው ላስቲክ በነገሠበት ወራት፣ የአሥራ አምስት ዓመቷ ወጣት፣ የጥርስ ሽቦ ለባሽ፣ ከሐኪም ወንበር የማይሸሹ፣ ታላቅ ወንድማቸው በሽቦው ሊሳለቅ ያወጣላቸውን ስም እንደ ዘውድ የደፉት ልዕልት ሐዲድ፣ በመታጠቢያ ቤቱ መስታወት ፊት ቆመው ጥርሳቸውን ሲቦርሹ፣ የተፉት አረፋ ቀይ ሆኖ ወረደ። ወእምዝ ከንፈራቸውን ገልጠው ቢያዩ፣ በላይኛው ቀኝ በኩል፣ በክራንቻቸው ዙሪያ፣ ድዱ አብጦና ቀልቶ ሽቦውን ሊውጥ ደርሶ አገኙት።

ያ ክራንቻ ተራ ጥርስ አልነበረም። ከሌሎቹ በላይ ተደርቦ የበቀለ ዐመፀኛ ነበር፤ ልዕልቲቱ በሳቁ ቁጥር አፋቸውን በእጃቸው የሚከልሉት በእርሱ ምክንያት፣ ሽቦውም የታሰረው እርሱን ወደ ሰልፉ ለመመለስ ነበር። የጥርስ ሐኪሟም ድዱን ባዩ ጊዜ እንዲህ ሲሉ ዐወጁ፦

«ስሚኝ የኔ ቆንጆ፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ እንዲህ እየደማሽ ከመጣሽ ሽቦውን አወልቀዋለሁ። ክራንቻሽም እንደተንጠለጠለ ይቀራል። አልቀልድም! በደንብ ቦርሺ!»

«በደንብ» ማለት እንዴት ማለት እንደሆነ ግን አላሳዩም። አንድ ቃል ወርውሮ ማሰናበት ሕክምና ከሆነ፣ የክሊኒኩ ዘበኛም ሐኪም ነው።

ወበውእቱ መዋዕል በቤት ውስጥ ጉባኤ ተደረገ፤ የተሰበሰቡትም ሁሉን ዐዋቂዋ አክስት፣ በአክስት ቃል የምትረጋው እናት፣ ነገር ሲከር ጋዜጣ የሚገልጠው አባት፣ ምላሰ ስለቱ ወንድም ነበሩ። አክስትም ተነሥታ ዐወጀች፦

«እንዴ! የደማ ነገር ይነካል እንዴ? ተዪው ልጄ፤ ይረፍበት!»

ወንድምም ተከትሎ፦ «በቃ፣ እስኪጠገን ባቡር አይለፍበት!» አለ።

ልዕልቲቱም የታላቅ ቃል አክብረው፣ ግራውንና ታችኛውን እየፈተጉ፣ የታመመውን ቀኝ እንደተኛ ሕፃን በዝግታ እያለፉ ሰነበቱ። በዚያ ቤት የቆሸሸ ድስት አይቶ «ይረፍበት» የሚል ሰው አልነበረም፤ ድስት የሚገባውን ክብር ለድድ የነፈጉት ግን ሁሉም በአንድ ድምፅ ነው! ያልተነካውም ድድ ከቀይ ወደ ወይን ጠጅ ተለወጠ፤ ዳቦ ሲነክሱም ዳቦው ደም ይዞ ይወጣ ጀመር።

ያን ጊዜ ልዕልት ሐዲድ፣ ማንንም ሳያስከትሉ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ፣ ወደ ሐኪሟ ሄዱ። ሐኪሟም በዚህ ጊዜ ታግሠው፣ ቆሻሻን የሚያቀልም ጠብታ በጥርሳቸው ላይ አድርገው መስታወት አቀበሏቸው። ግራው ነጭ ነበር። «ያረፈው» ቀኝ፣ ከሽቦው ሥር እስከ ድዱ ጠርዝ፣ ቀለም የተደፋበት መስሎ ታየ። ሐኪሟም ዐወጁ፦

«አየሽ? የደማው ስለቦረሽሽው ሳይሆን ስለተውሽው ነው። የሚደማውን ቦታ ነው አጥብቀሽ የምታጸጂው! ቀስ ብለሽ፣ ግን ሳትዘይ!»

ወእምዝ የደረቀውን ቆሻሻ በመሣሪያ ጠርገው፣ ብሩሹን ወደ ድዱ አዘንብሎ ከሽቦው በላይና በታች ማስኬድን እጃቸውን ይዘው አስተማሯቸው። ትጥቅም ሰጧቸው፦ ለስላሳ ብሩሽ፣ ከሽቦ ሥር የምትሾልክ፣ የጠርሙስ ማጠቢያ የምትመስል ድንክ ብሩሽ፣ ጫፉ የጠጠረ የጥርስ ክር።

ዘመቻውም ተጀመረ። ልዕልቲቱ መታጠቢያ ቤቱን በያዙ ጊዜ ከበሩ ውጭ የሚሰለፈው ሠራዊት ይህ ነበር፦ ግማሽ አገጩን ተላጭቶ በአረፋ የቀረ አባት፣ ፎጣ በትከሻዋ የጣለች እናት፣ መነጽሯን ልታጥብ የመጣች አክስት፣ እግሩን አጣምሮ የሚወዛወዝ ወንድም። ወንድምም በሩን እየደበደበ፦ «ኧረ ውጪ! በዚህ ቤት ሌላም ሰው ጥርስ አለው!» ሲል ዐወጀ። ከውስጥም፣ በአረፋ የታፈነ የንግሥና ድምፅ፦ «ወግድ! የላይ ቀኝ ይቀረኛል!» ሲል መለሰ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደሙ አልቆመም። አክስትም ከበር ውጭ «አላልኩም?» ብላ ዐወጀች። ልዕልቲቱንም ብሩሹን ለማስቀመጥ ቃጣቸው፤ ዳሩ ግን በመስታወቱ ያዩትን ቀለም አስታውሰው ተመለሱበት። ውሎ አድሮ አረፋው ፈዘዘ፤ በመጨረሻም ነጭ ሆኖ ወረደ።

የቀጠሮውም ቀን ደረሰ፤ ጭፍራው ሁሉ ተከትሎ ገባ። ሐኪሟ ቀጭኗን መመርመሪያ በድዱ ጠርዝ እየጎተቱ በክራንቻው ዙሪያ አለፉ፤ ተመለሱም፤ ደም የለም። «ሽቦው ይቀጥላል!» ሲሉ ዐወጁ፤ «ላስቲኩስ ምን ቀለም ይሁንልሽ?» ዘመነ ብርቱካንም በዚያች ሰዓት ባተ።

አክስትም ለጭፍራው ሁሉ፦ «እኔ ድሮም ቦርሺው ብያለሁ!» ብላ ዐወጀች።

በዚህ ጊዜ ልዕልት ሐዲድ ሳቁ። ቀኝ እጃቸው እንደ ልማዱ ወደ አፋቸው ሊሄድ ተነሣ፤ ከመንገድም ተመልሶ በጉልበታቸው ላይ ዐረፈ። ሽቦው፣ ብርቱካናማው ላስቲክ፣ ገና ወደ ሰልፉ ያልገባው ክራንቻ፣ ሮዝ የሆነው ድድ ሁሉ በአደባባይ ታየ።

ክብር ለድንኪቱ ብሩሽ ባለቤት፣ በደም ላልደነገጡት፣ በአክስት ላይ ላልታበዩት፣ ለልዕልት ሐዲድ ይሁን! ጥርስ መቦረሽ ምን ጀብዱ አለው የሚል አፈ ሰፊ ቢነሣ፣ በቅድሚያ ከንፈሩን ገልጦ ድዱን ያሳይ፤ ክርክሩ ከዚያ በኋላ ነው።